ጩኸት የበዛበት ቢንጎ ከቁርስ-ምሳ ጋር፦ ሐዋሳ ላይ እንዴት ይዘጋጃል?

«ያንን የእሑድ ቢንጎ እንዴት ነው የምታዘጋጁት?» ጥያቄው አልቆም ስላለኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል። አንዱ ለመሥሪያ ቤቱ ልጆች ይፈልገዋል። ሌላዋ ለዕቁብ ጓደኞቿ። የካፌ ባለቤቶችም ይጠይቃሉ፤ እሑድ ረፋድ ላይ ወንበራቸው ባዶውን ይቀመጣልና።

የማወራው ስለ ቢንጎ ቤት ቢንጎ አይደለም። በስልክ ስለሚቆመሩትም አይደለም። እዚህ ደራሽ (ተሰብስቦ ለአሸናፊ የሚሰጥ ብር) የለም፤ የሚያዝ ብርም የለም። ሰው በልቶ፣ ጮሆ፣ ጨፍሮ፣ ዱባ ታቅፎ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ጨዋታ ነው። ስሌቱን የሠራሁት ለ40 ሰው ነው።

ለማያውቅ በአጭሩ፦ እያንዳንዱ ሰው ካርቴላ፣ ማለትም 5 በ5 የቁጥር ሰንጠረዥ ያለበት ወረቀት ይይዛል። የመሃሉ ቤት ነጻ ነው። የቀሩት 24 ቤቶች ከ1 እስከ 75 ባሉ ቁጥሮች ይሞላሉ። ጠሪው ከባልዲ ቁጥር እያወጣ ይጠራል፤ ቁጥሩ ያለው ያጠቁራል። የተባለውን ቅርጽ ቀድሞ የሞላ «ቢንጎ!» ይላል። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ድግሱን ድግስ የሚያደርገው ግን ጌጡ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 75 ቆርኪ። ከግሮሰሪ ለምኑ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ።
- የማይለቅ ማርከር
- እጅ የሚያስገባ የፕላስቲክ ባልዲ ከነክዳኑ
- 50 የተለያዩ ካርቴላዎች፣ በ5 ዓይነት ቀለም ወረቀት ተባዝተው
- 50 እስክሪብቶ
- ከ1 እስከ 75 የተጻፈበት ትልቅ ወረቀት፣ ከሩቅ የሚነበብ
- ሞንታርቦና ማይክ፣ ሙዚቃ የተጫነበት ስልክ
- ፊሽካ
- ካርቴላውን ከጠረጴዛ ጋር የሚይዝ የልብስ መቆንጠጫ ወይም ጠጠር
- ሶፍት፣ ስቴኪኒ፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና
- 8 ወይም 9 ሽልማት
- አራት ሰው፦ አንድ ጠሪ፣ አንድ መዝጋቢ፣ ሁለት አጣሪ

አራቱን ሰዎች አትቀንሱ። ጠሪው ራሱ እየመዘገበ፣ ራሱ እያጣራ፣ ራሱ ሙዚቃ እየቀየረ ሊሠራው ሲሞክር በየመሃሉ ዝምታ ይፈጠራል። ዝምታው ሲረዝም ሰው ስልኩን ያወጣል። ስልኩን ካወጣ ደግሞ መመለሱ ከባድ ነው።

አሠራሩ

1. ቀንና ሰዓት ቁረጡ

እሑድ ይሻላል። ጥሪው ላይ «5 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። ምግብ 5፡30 ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ቁጥር 6፡30 ይወጣል፤ 9 ሰዓት ላይ ያበቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከቅዳሴ የሚመለሰውም፣ ከቸርች የሚወጣውም ከዚያ በፊት አይደርስም። ቶሎ ከጀመራችሁ ግማሹ ሰው በሁለተኛው ዙር ላይ እየገባ ደንቡን ሁለቴ ታስረዳላችሁ። ቀጠሮና ጅማሬው መሃል አንድ ሰዓት ተኩል ያስቀመጥኩትም እኛው ስለምንተዋወቅ ነው።

ከ9 ሰዓት ማሳለፍም አያዋጣም። የእንግሊዝ ኳስ ሲቃረብ ወንዶቹ መቁነጥነጥ ይጀምራሉ። ሐይቅ ዳር ከሆናችሁ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ወረቀት አያስቀምጥም።

ቅዳሜን የሚመርጡ አሉ። ከእንግዶቻችሁ መሃል አድቬንቲስቶች ካሉ ግን ሳታስቡት አስቀራችኋቸው ማለት ነው። ሁዳዴን ሙሉ በሙሉ ዝለሉት። ምግቡን የጾም ማድረግ ይቻላል፤ ጭፈራውን ግን ብዙ ሰው በሁዳዴ አይፈልገውም።

2. ቦታ ምረጡ

ለ40 ሰው ስድስት ወይም ሰባት ጠረጴዛ ይበቃል፤ በአንዱ ስድስት ሰባት ሰው ይቀመጣል። ከዚያ ካነሰ ጠረጴዛው አይሞቅም። ከበዛ ደግሞ ጥግ ላይ ያለው የራሱን ወሬ ይይዛል። በጠረጴዛዎቹ መሃል አጣሪው እየሮጠ የሚያልፍበት፣ አሸናፊውም እየጨፈረ የሚወጣበት መንገድ ይኑር።

የአትክልት ቦታ ያለው ሆቴል ወይም ካፌ ደስ ይላል። ሐይቅ ዳር ስትመርጡ ግን ጦጣዎቹን አስቡ። ሁሉም ሰው ለአንዷ አሸናፊ ሲያጨበጭብ ዳቦው አይኖርም። አንድ ሰው ምግቡ አጠገብ ይቁም፤ የማይበላውን ሳህን ቶሎ አስነሱ። ክረምት ከሆነ ጣሪያ ያለው ቦታ ግድ ነው። የረጠበ ካርቴላ ላይ እስክሪብቶ አይጽፍም።

ቦታውን ከመያዛችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ ወይ? በዚያ ሰዓት አጠገባችሁ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ለቅሶ ቤት አለ ወይ? ሁለተኛው ካለ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ድምፅ ቀንሳችሁ የምታደርጉት ቢንጎ ይህ ቢንጎ አይደለም።

3. ብሩን ለይታችሁ አስቀምጡ

ሰው የሚከፍለው ለምግቡ ብቻ ነው። ካርቴላው ከምግቡ ጋር በነጻ ይሰጣል፤ ለሁሉም እኩል፣ በየዙሩ አንድ። ተጨማሪ ካርቴላ አትሽጡ። የሽልማቱ ወጪ ከአዘጋጁ ኪስ ወይም ከምግቡ ሒሳብ ይውጣ እንጂ «ለሽልማት» ተብሎ አይሰብሰብ።

ብር ተሰብስቦ ለአሸናፊ ሲሰጥ ቁማር ይሆናል፤ ያለ ፈቃድ አይደረግም። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ጨዋታውን ይመለከታል። ብር የተያዘበት ሰው አይስቅም። ጠሪው ሲቀልድበት ይናደዳል፤ አጣሪው ሲሳሳት ይጣላል። ዱባ የሚያሸንፍበት ሰው ግን ማንንም አይጠረጥርም።

4. ካርቴላውን ሥሩ

አምስቱ ዓምዶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው። በተለመደው ካርቴላ ቢ፣ አይ፣ ኤን፣ ጂ፣ ኦ ይባላሉ። በጩኸት መሃል ቢ እና ጂ ይምታታሉ። ስለዚህ በሰፈር ስም ቀይሯቸው፦

- ፒያሳ፦ ከ1 እስከ 15
- ታቦር፦ ከ16 እስከ 30
- አሞራ ገደል፦ ከ31 እስከ 45 (እዚህ አራት ቁጥር ብቻ፤ መሃሉ ነጻ ነው)
- ጉዱማሌ፦ ከ46 እስከ 60
- አቶቴ፦ ከ61 እስከ 75

«አቶቴ ስልሳ ሦስት!» ሲባል የአቶቴ ልጆች ከየጠረጴዛው ይነሳሉ። የማይነሱ ከሆነ ጠሪው ያስነሳቸዋል። ተጫዋቹም አንድ ዓምድ ብቻ ስለሚያይ ቁጥሩን ቶሎ ያገኛል።

50 ካርቴላ መሥራት የሚያስፈራ ይመስላል። በኮምፒውተር የሚያወጡ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ከሌለም በእጅ ይቻላል፦ ከ1 እስከ 15 ያሉትን ቆርኪዎች ለብቻ አድርጉና አምስት አውጡ፤ ጻፉ፤ መልሱ። ለሌላውም ዓምድ እንዲሁ። ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ ቡና እየጠጣችሁ ሥሩት።

በእያንዳንዱ ካርቴላ ጥግ ላይ ከ1 እስከ 50 መለያ ቁጥር ጻፉ። አራት ካርቴላ በአንድ ኤ4 ላይ ይገባል፤ ስለዚህ 50ው በ13 ወረቀት ያልቃል። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ እነዚያን 13 ወረቀቶች በአምስት ቀለም አባዙ። አንደኛ ዙር ቢጫ፣ ሁለተኛ ሮዝ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ቀለሙ ለውበት አይደለም። ካለፈው ዙር የተጠቆረ ካርቴላ ይዞ የሚጮህ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ ቀለሙን አይታችሁ በሩቁ ትመልሱታላችሁ።

አሥሩ ትርፍ ካርቴላ ቡና ለሚደፋበት እና ሳይጠራ ለሚመጣ የአክስት ልጅ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አሥር ካርቴላ ብቻ ሠርታችሁ በአንድ ዙር ውስጥ አምስት አምስት ጊዜ አታባዙ። አንድ ዓይነት ካርቴላ የያዙ አምስት ሰዎች እኩል «ቢንጎ!» ይላሉ። አንዱ ሽልማት ለአምስት አይካፈልም።

5. ቆርኪዎቹን አዘጋጁ

በውስጠኛው ገጽ ላይ ቁጥሩንና የሰፈሩን የመጀመሪያ ፊደል ጻፉ፦ «ፒ 6»፣ «አቶ 61»። ለአሞራ ገደል «አሞ» በሉ፤ «አ» ብቻ ከሆነ ከአቶቴ ጋር ይጋጫል። ፊደሉ ለምን? 6 ሲገለበጥ 9 ይሆናል። 61 ሲገለበጥ 19 ይሆናል። በተጨማሪ ከቁጥሩ ሥር መስመር አስምሩ።

ማርከሩ በደንብ ይድረቅ። የተጣመመ ወይም የዛገ ቆርኪ አውጡ፤ በእጅ ስለሚለይ «ያውቀዋል» የሚል ሐሜት ያመጣል። በባልዲው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ የሚያሰማው ድምፅ ደግሞ ግማሹ ጨዋታ ነው። በስልክ ቁጥር የሚያወጣ አፕ ለምን አልተጠቀማችሁም ትሉኝ ይሆናል። አፑ ቻርጅ ያልቅበታል፤ ሰውም አያየውም። ባልዲው ውስጥ ግን የእንግዳ ልጅ እጇን አስገብታ ስታወጣ ሁሉም ያያል፤ ተጠርጣሪ የለም።

6. ሽልማት ግዙ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ውድ ነገር ይገዛል። ደንቡ ይህ ይሁን፦ የአንዱ ሽልማት ዋጋ ከአንድ ሳህን አሳ ጥብስ አይብለጥ። ከበለጠ ሰው ለሽልማቱ መጫወት ይጀምራል። የምንፈልገው ለሳቁ እንዲጫወት ነው።

ጥሩ ሽልማት ሦስት ነገር አለው፦ ከሩቅ ይታያል፣ ለመያዝ ያስቸግራል፣ ቤት ሲገባ ይጠቅማል። የሚሠሩትን ልንገራችሁ፦

- ትልቅ ዱባ በማዘያ። አሸናፊው ሰው እስኪበተን ድረስ አዝሎት ይቆያል። እስካሁን ይህን የሚበልጥ አላገኘሁም።
- አዲስ ፖፖ፣ ከረሜላ የተሞላ። ከእነ ማሸጊያው አዲስ መሆኑን ለሁሉም አሳዩ፤ አለዚያ ከረሜላውን የሚነካ የለም።
- በገመድ የተሰካ ሶፍት፣ እንደ ሐብል በአንገት የሚጠለቅ።
- አንድ ኪሎ ሽንኩርት፣ በወርቃማ ወረቀት ተጠቅልሎ በትልቅ የስጦታ ሳጥን ውስጥ። ሳጥኑን መድረክ ላይ አስከፍቱት።
- ሪባን የታሰረለት መጥረጊያ።
- ሚዶ፣ ለራሰ በራ ሰው ይደርሳል ብላችሁ እየጸለያችሁ።
- ሁለቱም የግራ የሆነ ሸበጥ። ሁለቱ የቀኝ ደግሞ ለሌላ ዙር አሸናፊ ይሰጣል። ተፈላልገው ይቀያየሩ።
- የሕፃን ጃንጥላ።

የጎመን ጥቅል በአበባ ፈንታ ለሴቶች እንዳትሰጡ፤ «ወደ ማድ ቤትሽ ሂጂ» የተባለች የሚመስላት አለች። ለወንድ ስጡት፤ እሱ እንደ እቅፍ አበባ ይዞት ፎቶ ይነሳል። በሕይወት ያለች ዶሮም አትሸልሙ። ሐሳቡ ሁሉም ሰው ላይ ይመጣል፤ ዶሮዋ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ታስራ ትሠቃያለች። ከፈታችኋት ደግሞ ጨዋታው እሷን መያዝ ይሆናል።

ሽልማቶቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸው። ሰው እየበላ «ያ ፖፖ ምንድነው?» ማለት ሲጀምር ግማሹ ሥራችሁ አልቋል።

7. ምግቡን ከጨዋታው ለዩ

ምግብ መጀመሪያ፣ ጨዋታ ቀጥሎ። እየተበላ መጫወት አይሆንም፤ ቅቤ በነካው ጣት እስክሪብቶ አይያዝም። ካርቴላው ላይም የዘይት ቦታ ይቀራል፤ የዘይት ቦታ ላይ እስክሪብቶው አይጽፍም። ስለዚህ ካርቴላ የሚታደለው ሳህኑ ተነስቶ፣ ጠረጴዛው ተጠርጎ፣ እጅ ታጥቦ ካበቃ በኋላ ነው።

ለምሳሌ እንዲህ ማድረግ ይቻላል፦ ጨጨብሳ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ፉል፣ ዳቦ፣ አንድ ትሪ ቡርሳሜ (የሲዳማ የቆጮ ምግብ) ወይም ቡላ ገንፎ፣ አሳ። ሥጋውን ተዉት። ክርስቲያንና ሙስሊም እንግዳ አንድ ላይ ከጠራችሁ ሥጋ ሁለት ወጥ ቤት ይጠይቃል። አሳ ግን ሁሉም ይበላል። ከአሞራ ገደል አሳ ገበያ ጠዋት የወጣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) አስቀድማችሁ እዘዙ፤ ጠብሰው ትኩሱን ያድርሱላችሁ። በጾም ወቅት ከሆነ አሳን በጾም የሚበላም የማይበላም ስላለ ሽሮና የጾም ፍርፍር ጨምሩ።

አሳው አጥንት የሌለው፣ እንደ ኮተሌት ወይም እንደ አሳ ዱለት ቢሆን ይመረጣል። እየሳቀ የሚበላ ሰው አጥንት ያንቀዋል። ሙሉ ጥብስ ካቀረባችሁ ተበልቶ እስኪያልቅ ቀልዱን አዘግዩት።

በጨዋታው ሰዓት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው በስቴኪኒ የሚነሳ ነገር ብቻ ነው፦ የተቆረጠ ፓፓያ፣ ሙዝ፣ ድንች ጥብስ። ቆሎ ደስ ይላል፤ ግን እጅ አይለቅም። ስፕሪስ በረጅም ብርጭቆ አታቅርቡ፤ ይደፋል።

8. ደንቡን በሁለት ደቂቃ ተናገሩ

ከዚያ ከረዘመ አይሰማም። የሚነገረው ይህ ብቻ ነው፦

ሀ) ቀድሞ የጮኸ ይቀድማል። ሞልቶለት ዝም ያለ የራሱ ጉዳይ ነው።
ለ) «ቢንጎ!» ሲባል ፊሽካ ይነፋል፤ ማንም ካርቴላውን አይጥልም። ብዙ ሰው ሌላ ሲያሸንፍ ወረቀቱን ጨምድዶ ይወረውራል። ቢንጎው ውሸት ሆኖ ሲገኝ ወረቀት ፍለጋ ከጠረጴዛ ሥር ይገባል።
ሐ) በውሸት የጮኸ ይቀጣል።
መ) ሁለት ሰው እኩል ከጮኸ ከባልዲው አንድ አንድ ቆርኪ ያወጣሉ፤ ትልቅ ቁጥር ያገኘ ይወስዳል። የወጡት ሁለቱ ወደ ባልዲው ይመለሳሉ።

9. አጠራሩን ተለማመዱ

ጠሪው ጥሩ ድምፅ ያለው ብቻ አይሁን፤ ሰውን ሳያስቀይም የሚቀልድ ይሁን። እያንዳንዱን ቁጥር ሦስት ጊዜ በሦስት መንገድ ይጥራ፦ በሰፈሩ፣ በነጠላ አሃዝ፣ በቅጽል ስሙ። «ታቦር ሠላሳ! ሦስት ዜሮ! ደሞዝ ገባ!» ሰው ደግሞ መልስ ይሰጣል፦ «አለቀ!»

ቅጽል ስሙ ለቀልድ ብቻ አይደለም። በሞንታርቦ ሠላሳ እና ስልሳ አይለዩም። ሰባት እና ሰባም እንዲሁ። «ደሞዝ» ካላችሁ 30 ነው። «ጡረታ» ካላችሁ 60 ነው። አሁን የሚሳሳት የለም። ለመነሻ ጥቂት ላዋጣ፦

1 — አንድ ለእናቱ
3 — ባጃጅ (በሦስት ጎማ)
4 — አራት ዓይና (መነጽር ያደረገ ሁሉ ይነሳ)
5 — ጳጉሜን
7 — ሳምንት ሞላ
11 — ሐይቆቹ! (የሐዋሳ ከተማ ኳስ ክለብ ደጋፊ ካለ ይጨፍራል)
13 — የወሩ ብዛት
18 — መታወቂያ አውጣ
29 — ደሞዝ ነገ ነው
30 — ደሞዝ ገባ
40 — የአርባ ቀን ዕድል
60 — ጡረታ
75 — መጨረሻው ወንበር

ሁሉንም 75 ቁጥር ቅጽል ስም አትስጡ። አሥራ አምስት ያህል ይበቃል፤ ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው። የራሳችሁን ቡድን ቀልድ ጨምሩበት፤ የመሥሪያ ቤት ከሆነ የቢሮ ቁጥር፣ የዕቁብ ከሆነ ዕጣው የደረሰበት ቀን።

ሙዚቃው በሁለት ቁጥር መሃል ይነሳል፤ ቆርኪው ሲወጣ ይቆማል። ሙዚቃው ሲቆም ዝም ማለት እንዳለባቸው ሳትነግሯቸው ይለምዱታል። ከሲዳምኛው፣ ከወላይትኛው፣ ከጉራጊኛው ቀላቅሉ። ባጭሩ ይቆረጥ፤ ሰው ሊነሳ ሲል።

መዝጋቢው የወጣውን ቁጥር ወዲያው በትልቁ ወረቀት ላይ ያክብብ፤ ቆርኪውንም በሌላ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጥ። ወደ ባልዲው ከተመለሰ አንድ ቁጥር ሁለቴ ይጠራል።

10. ዙሮቹን በዚህ ቅደም ተከተል አስኪዱ

አንደኛ፣ አንድ መስመር። አግድም፣ ቁልቁል ወይም ሰያፍ። በ40 ካርቴላ አብዛኛውን ጊዜ 19ኛው ወይም 20ኛው ቁጥር አካባቢ አሸናፊ ይገኛል። በየቁጥሩ 20 ሴኮንድ ብትወስዱ ሰባት ደቂቃ አይሞላም። የመጀመሪያው ዙር አጭር መሆን አለበት፤ ሰው ጨዋታውን የሚያምነው አንድ ሰው ሲያሸንፍ ሲያይ ነው።

ሁለተኛ፣ አራቱ ማዕዘን። 28ኛው ቁጥር ገደማ።

ሦስተኛ፣ መስቀለኛ፣ ማለትም ሁለቱ ሰያፍ መስመሮች አንድ ላይ። ይህ ወደ 46ኛው ቁጥር ይጠጋል፤ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ከዚህ በኋላ ቡና ይፈላ። ሩብ ሰዓት ዕረፍት ስጡ።

አራተኛ፣ ዕድለ ቢስ። ሁሉም ሰው ይነሳል። የተጠራው ቁጥር ካርቴላው ላይ ያለበት ሰው ይቀመጣል። ቆሞ የቀረው የመጨረሻ ሰው ያሸንፋል። በየቁጥሩ ከቆሙት ወደ ሢሶ የሚጠጉት ስለሚቀመጡ አሥር ቁጥር ሳይሞላ ያልቃል። ከቡና በኋላ ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው፤ ጨጨብሳ በልቶ ቡና የጠጣ ሰው ካልተነሳ ያንቀላፋል። እስካሁን አንድም ያልደረሰው ሰው የሚያሸንፈውም እዚህ ነው። ሁለት ሦስት ሰው አብሮ ቢቀመጥና ማንም ባይቀር በመጨረሻ የተቀመጡት ቆርኪ ያወጣሉ።

አምስተኛ፣ ሙሉ ካርድ። 24ቱም ይሞላሉ። ለ40 ሰው ወደ 65ኛው ቁጥር ስለሚደርስ ረጅሙ ዙር ነው። እስከ 40ኛው ቁጥር ድረስ ያለ ቀልድ በፍጥነት ጥሩ፤ ያኔ ማንም አልቀረበም። ከ55 በኋላ ግን ቀስ በሉ። «አንድ የቀረው ይነሳ!» በሉ። የቆሙት ሲታዩ ጠረጴዛው ሁሉ ለእነሱ ይጮሃል፤ ቤቱ የሚቀወጠው ያኔ ነው። ዱባው ለዚህ ዙር ይቆይ።

ሰው ከ40 ካነሰ እያንዳንዱ ዙር ይረዝማል፤ ከበዛ ያጥራል። በ15 ሰው መስቀለኛውን ዙር አውጡት፤ አለዚያ 9 ሰዓት አይበቃችሁም።

11. አጣሩ

«ቢንጎ!» ሲባል አጣሪው ወደ ሰውየው ይሮጣል። መጀመሪያ የወረቀቱን ቀለም፣ ቀጥሎ የካርቴላውን መለያ ቁጥር ያያል። ከዚያ ቅርጹን የሠሩትን ቁጥሮች ብቻ ጮክ ብሎ ያነባል። መዝጋቢው ትልቁን ወረቀት እያየ «አለ!» ወይም «የለም!» ይላል። ሕዝቡም አብሮ ይመልስ። ቁጥሮቹን ጮክ ብሎ ማንበብ የሚያስፈልገው ሌላው ሰው የራሱንም እንዲያስተያይ ነው፤ ያመለጠውን የሚያገኘው ያኔ ነው።

ትክክል ከሆነ አሸናፊው እየጨፈረ ይወጣል። ጠሪው እንደየሰዉ ይጥራ። ለትልቅ ሰው «ጋሼ፣ ይውጡልን!»፣ «እትዬ፣ እልል በሉላቸው!» ይባላል፤ ለጓደኛ ደግሞ ቅጽል ስሙ ይበቃል። ልጅ ትልልቆቹን «አንተ» እያለ መድረክ ላይ ሲያሾፍ ሳቁ ወዲያው ይበርዳል።

12. ቅጣቱን አዘጋጁ

በውሸት ለጮኸ ሦስት ምርጫ ስጡ፦ 30 ሴኮንድ እስክስታ፣ የታክሲ ረዳት ሆኖ «ፒያሳ ፒያሳ!» እያለ ጠረጴዛዎቹን መዞር፣ ወይም መጥረጊያውን ይዞ ሽልማቱን መጠበቅ። ሦስት የሆነው ጭፈራ የማይፈልግ ሰው ስላለ ነው። በሃይማኖቱ የማይጨፍር አለ፣ ጉልበቱን የሚያመው አለ፣ ዝም ብሎ ሼም የሚይዘው አለ። መጥረጊያ መያዝ ማንንም አይጎዳም።

ሰው እንዲጮህ እንፈልጋለን፤ ስለዚህ ቅጣቱ የሚያስቅ እንጂ የሚያሸማቅቅ አይሁን። አንዴ የተዋረደ ሰው እውነተኛ ቢንጎ ቢደርሰው እንኳ ሦስቴ አጣርቶ ነው አፉን የሚከፍተው።

ማስጠንቀቂያዎች

ቢራ ካለ ከምግብ በኋላ ይምጣ፤ ስድስት ሰዓት ላይ በባዶ ሆድ አይጀመር። መኪና ይዞ የመጣ የጠጣ ሰው ባጃጅ ይያዝለት።

ቪዲዮ ከመቅረጻችሁ በፊት አስታውቁ። ፖፖ ይዞ መጨፈሩ እዚያ ያስቃል፤ ሰኞ ጠዋት በአለቃው ስልክ ላይ ግን ላያስቅ ይችላል።

ስለ ብሔር፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ሰው አካል ቀልድ የለም። ለጠሪው ቀድማችሁ ንገሩት። የሚዶው ቀልድም ሰውየው ራሱ ሲስቅ ብቻ ነው የሚቀጥለው።

ልጆች ካሉ ቆርኪ አውጪ አድርጓቸው። በጣም ትንንሾቹን ግን ከባልዲው አርቁ፤ ቆርኪ አፍ ውስጥ ይገባል፣ ጠርዙም ይቆርጣል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

ሞንታርቦውን ከጠሪው ኋላ ማስቀመጥ። ማይኩ ያፏጫል። ከፊቱ፣ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ይቀመጥ።

በእስክሪብቶ ፈንታ ሽንብራ ወይም በቆሎ ካርቴላ ላይ መደርደር። ቢንጎ ቤት ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ይሆናል። እዚህ አንዱ ሲነሳ ጠረጴዛው ይነቃነቃል፤ የሃያ ደቂቃ ሥራ መሬት ይወርዳል።

ዙር ማብዛት። አምስት ይበቃል። «አንድ ጨምሩ!» ሲሏችሁ አትጨምሩ። የሚቀጥለውን ቀን ንገሯቸው።

ሽልማት ሳይጨርሱ መበተን። የተረፈ ካለ በየጠረጴዛው አንድ ቆርኪ አስወጡና ትልቅ ቁጥር ላገኘው ስጡ። በተለይ ሸበጦቹ ሳይገናኙ እንዳይቀሩ።

ቆርኪዎቹን ሳይቆጥሩ መሄድ። ከመበተናችሁ በፊት ትልቁን ወረቀት ይዛችሁ ከ1 እስከ 75 አመሳክሩ። ከጎደለ በዚያው ቀን ሌላ ቆርኪ ላይ ጽፋችሁ ተኩ። የጎደለው ቁጥር ያለበት ካርቴላ ለቀጣዩ ሙሉ ካርድ ዙር ሞተ ማለት ነው፤ የያዘው ሰው እስከ 74ኛው ቁጥር ቢጠብቅ እንኳ አይሞላለትም።